የስክሪኑ ልክ

«ልክ» የምትለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሸክም አለባት። ልብስ ሰፊ ልክ ይወስዳል፤ ጫማ ሻጭ «ልክህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነት የተናገረ ሰው «ልክ ነህ» ይባላል። ያበዛው «ከልክ አለፈ»፣ ያለ ቦታው የደፈረው ደግሞ «ልኩን አያውቅም» ይባላል። መጠን፣ እውነትና ጨዋነት በአንዲት ቃል ውስጥ አብረው ያድራሉ። ለቤቱ ቴሌቪዥን ሊገዛ የሚወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ «ስንት ኢንች?» የሚለውን። የቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎች የሚመጡት ዕቃው ቤት ገብቶ ካርቶኑ ከተጣለ በኋላ ነው።

አንድ ቤት ይታሰብ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ። አባትየው የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። አሮጌው ቴሌቪዥን መሐሉ ላይ መስመር ካወጣ ከርሟል፤ የታንክስጊቪንግ ቅናሽ ሲመጣ ባለ 65 ኢንች ተገዛ። ጎረቤት መጥቶ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አገዘ፤ ቡና ተፈላ። ማታ አባትየው ለዚህ ቀን ያስቀመጠውን አወጣ። የእህቱ ሠርግ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በ1986 ዓ.ም. በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት የተቀረጸ። ካሴቱ በሰው ሻንጣ ተልኮለት አሜሪካ ሲደርስ አልሠራም ነበር። ኢትዮጵያ ፓል የሚባለውን የምስል ሥርዓት፣ አሜሪካ ደግሞ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለውን ይጠቀሙ ስለነበር የአሜሪካው ማጫወቻ አላነበበውም። ቁም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ነው ከፍሎ ወደ ዲጂታል ያስገለበጠው።

በዚያ ቪዲዮ ውስጥ እናቱ ለሁለት ደቂቃ ያህል እስክስታ ይወርዳሉ። እሱ አሜሪካ በገባ በሦስተኛው ዓመት አረፉ፤ ወረቀቱ ስላላለቀለት ለቀብር አልደረሰም። ልጆቹ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። እናቱ ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ምስል የለም።

ምስሉ ሲከፈት ስክሪኑን አልሞላም። መሐል ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኙ ጥቁር ቀረ። «ሙላው እንጂ!» አለ ጎረቤት። «ይኼን ሁሉ ብር አውጥተህ በከፊል ልታይ ነው?» ሪሞቱ ተነካ፤ ምስሉ ተስቦ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ሁሉም ደስ አለው። እናቱ ወደ መሐል ሲወጡ የአባትየው ዓይን እንባ አቀረረ። አሥር ዓመት የሆናት ልጁ ስክሪኑንም እሱንም አየችና ጠየቀች፦ «አባዬ፣ አያቴ እንደዚህ ወፍራም ነበረች እንዴ?»

ሴትየዋ በሰፈሩ «ቀጭኗ» እየተባሉ ነበር የሚጠሩት።

ለልጅቷ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የሒሳብ መልስ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን የወርድና የቁመት ምጥጥኑ 4 ለ 3 ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋና ሰፊ ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። በ4 ለ 3 የተቀረጸ ምስል ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ ቁመቱ ባለበት ሆኖ ወርዱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ክቡ መሶብ ሞላላ ይሆናል፤ ፊት ይሰፋል፤ ረጅም ሰው ድንክ ይመስላል። ይህ የአንድ ካሴት ጉዳይ ብቻም አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የቀረጸው፣ አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት የነገሩበትና ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነበት ሁሉ፣ በዚያው በጠባቡ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ነው፤ ቅርጹም ለዚሁ የቀረበ ነው። የአንድ ትውልድ ትዝታ በሙሉ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ከተሰቀለው ስክሪን ጋር ልኩ አይገጥምም።

ሪሞቱ ለዚህ ሦስት መፍትሔ ይሰጣል። አንደኛው መለጠጥ ነው፤ ስክሪኑ ይሞላል፣ ሰው ይበላሻል። ሁለተኛው ማጉላት፣ በሪሞቱ ቋንቋ «ዙም»፣ ነው፤ ሰው ቅርጹን ይይዛል፣ ነገር ግን ከምስሉ ቁመት ሩቡ ከላይና ከታች ተቆርጦ ይወድቃል። የረጃጅሞቹ አናት፣ የጨፋሪዎቹ እግር፣ ካሜራው ታች ጥግ ላይ የጻፈው ቀን ይጠፋል። ሦስተኛው ምስሉን በተቀረጸበት ቅርጽ አሳይቶ ዳሩን ጥቁር መተው ነው። ሲታዩ የማሽን ምርጫዎች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ከማሽን ያለፈ ነው። ካዘጋጀነው ቦታ ጋር አልገጥም ያለ ነገር ሲመጣ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ከሦስቱ አንዱን ነው። ወይ ነገሩን ይለውጠዋል፣ ወይ ከነገሩ ይቀንሳል፣ ወይ ከራሱ ቦታ ላይ ይተዋል።

ጎረቤትየው ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይሆንም። ብዙ ሌሊት ቆሞ በተሠራ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ላይ ባዶ ቦታ ማየት ያንገበግባል። ሰዓትን በዶላር መቁጠር የለመደ ሰው ጥቁሩን ዳር ሲያይ የሚታየው ያልተከፈለው ትርፍ ሰዓት ነው። የስስት ስሜት ነው ማለት አይቻልም፤ የድካምን ዋጋ የማወቅ ስሜት ነው። ሌላም መከራከሪያ አለ፦ «ሥዕል እኮ ነው፤ ሰውየው አይደለም። ማንም አልተጎዳም።» ሟች አይሰፉም አይጠቡም። ደግሞም ዓይን ይለምዳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መለጠጡን ማንም ልብ አይለውም።

የመጀመሪያው መከራከሪያ ሲፈተሽ ግን ቁጥሩ ራሱ ይከዳዋል። ባለ 65 ኢንች ስክሪን ወርዱ 144፣ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሠርጉ ምስል ሳይለጠጥ ሲታይ 108 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይይዛል፤ ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር እያንዳንዱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ሠርግ በተቀረጸበት ዘመን ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ግን ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ እናቱ ጥቁሩ ዳር ሳይነካ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከሚታዩት በስፋት ከስድስት እጥፍ በላይ ገዝፈው እየታዩ ነበር። ምንም አልጎደለም። «ጎደለ» ያሰኘው ከነበረው ጋር የተደረገ ንጽጽር ሳይሆን ከተገዛው ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው። ሰፊ ነገር የገዛ ሰው የሚመጣበትን ድህነት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ትላንት የሚበቃው ዛሬ የማይሞላለት የገዛው ነገር ልኩን ስለለወጠበት ነው።

ኢንች ራሱም እንዲሁ ያሳስታል። የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ቅርጹን ይሸሽጋል። ባለ 32 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥንና ባለ 32 ኢንች የዛሬ ሰፊ ቴሌቪዥን በስም እኩል ናቸው፤ ሰፊው ግን በቁመት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፣ በጠቅላላ ስፋቱም ወደ 11 በመቶ ያንሳል። «ያው ቁጥር ነው» ብሎ አሮጌውን በአዲሱ የተካ ሰው የድሮውን ምስል አሳንሶ ገዝቷል። ልክ ማለት ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «ሥዕል እኮ ነው» የሚለው፣ መልሱን የሚያገኘው ከዚያው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሟች ወላጅ ፎቶግራፍ በፍሬም ተሰቅሎ ይገኛል። ፍሬሙ ከፎቶው ሲሰፋ ፎቶውን ጎትቶ የሚያሰፋ የለም። ፎቶ ቤቱ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት ያደርግበታል፤ ያ ነጭ ዳር ባዶ ቦታ ነው፤ ግን ማንም «ፍሬሙ ባከነ» አይልም። እንዲያውም ፎቶውን ያከበረው እሱ ነው። የግድግዳው ነጭ ዳር ክብር፣ የስክሪኑ ጥቁር ዳር ኪሳራ የሚመስለው ለምንድን ነው? ፍሬም የሚገዛው ለፎቶው ሲባል ስለሆነ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ለራሱ የተገዛ ያህል ሆኗል፤ ምስሉ እንዲያገለግለው ይጠበቃል።

ዓይን መልመዱም ማስተባበያ አይሆንም፤ አደጋው እንዲያውም እዚያ ላይ ነው። አባትየው እናቱን ስለሚያውቅ የተለጠጠው ምስል ውስጥ ሆኖም አገኛቸው፤ ያለቀሰው ለዚህ ነው። ልጅቷ ግን ከምስሉ ውጪ ሌላ ምስክር የላትም። ለእሷ የተለጠጠችው ሴት አያቷ ናት። ጠይቃ ባትሆን ኖሮ እንደዚያው ይዛት ትኖር ነበር። በየድረ ገጹ የተጫኑ የድሮ ቅጂዎች ውስጥም ቀድሞውኑ ተለጥጠው የተቀመጡ አሉ፤ ያየ ሁሉ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ሰፊ ፊት እንደነበረው ሊያስብ ይችላል። ሰው በሕይወት እያለ ስሙን ቢያጠፉት ቆሞ ይከራከራል። ሟች የሚከራከርለት ልኩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ሰፊው ስክሪንም ቢሆን የማንም ትክክለኛ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአዲሱ ቴሌቪዥን ቅርጽ ሲታሰብ ከርንስ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በዘመኑ የነበሩትን የፊልምና የቴሌቪዥን ቅርጾች እኩል ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ሠርቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አደራርቦ አየ። ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው ውጪያዊ ቅርጽም፣ ሁሉም የሚጋሩት ውስጣዊ ቅርጽም ወደ 16 ለ 9 የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ይህ ቅርጽ የተመረጠው ሁሉንም ልክ ስለሚያስገባ አልነበረም፤ ማንንም በጣም ስለማይጎዳ ነው። የድሮው ካሴት ሲታይ ከጎንና ከጎን ጥቁር ይቀራል። በጣም ሰፊ ሆኖ የተቀረጸ የሲኒማ ፊልም ሲታይ ደግሞ ከላይና ከታች ይቀራል፤ በባለ 65 ኢንቹ ላይ እያንዳንዱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ምስሉ የሚይዘው ከስክሪኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጠበኞችን ሲያስታርቁ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ እንደሚቀንሱት ማለት ነው። ጥቁሩ ዳር እንግዲህ የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ ብዙ ዓይነት እንግዳ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ቤት ሁልጊዜ አንድ ባዶ ወንበር አያጣም።

መሙላትን የሚወደው ግፊት የሚጀምረው ግን ከሳሎን አይደለም፤ ከሱቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ቴሌቪዥን ጎን ለጎን በኃይለኛ መብራት ሥር ይቆማል። እዚያ የሚያሸንፈው በጣም የሚያበራው ነው። ስለዚህ ለመደብር የሚዘጋጀው የምስል ሁኔታ ብርሃኑ ከፍ፣ ቀለሙ የጋመ፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። ሣሩ ከሣር ይበልጥ ይለመልማል፤ የሰው ቆዳ ብርቱካን ይሆናል። ገዢው ያንን አይቶ ይመርጣል፤ ቤቱም ወስዶ እንዳለ ይተወዋል። ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚባለው ሁኔታ ሲቀየር መጀመሪያ ደብዛዛና ቢጫ ይመስላል። ጥቂት ቀን ከታገሡት ግን የፊት ቀለም የፊት ቀለም ሆኖ ይመለሳል፤ የሱቁ ምስል ደግሞ ጩኸት ይሆናል።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ነው። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በመሐል ያልተቀረጹ ምስሎችን ከራሳቸው ፈጥረው ይጨምራሉ፣ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ተዋናዩ ቶም ክሩዝ ሰዎች ይህንን እንዲያጠፉት በአደባባይ እስከ መለመን ደርሷል። በ2019 ደግሞ የአምራቾችና የስቱዲዮዎች ማኅበር «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባለውን አስተዋወቀ፤ ሲከፈት ቀለሙን፣ ፍጥነቱንና የወርድና የቁመት ምጥጥኑን ፊልሙ እንደተሠራ ይተዋል። አንድን ነገር እንደነበረ ለመተው የተለየ ቁልፍ ማስፈለጉ ብዙ ይናገራል። ማሽኑ ሲፈጠር ልማዱ መጨመር ነው፤ መተው መታዘዝ ይፈልጋል።

ታዲያ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? ክልከላ የለበትም። ትልቅ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ክፍሉ ከቻለ ይግዛ። ባለ 65 ኢንች ከተቀመጡበት ወደ 2.7 ሜትር ገደማ ሲርቅ ለዓይን ይስማማል፤ ሜትር ይዞ ከሶፋው እስከ ግድግዳው መለካት ከማንኛውም የሻጭ ምክር ይሻላል። ረከቦቱ የሚቀመጥበት፣ እንግዳ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚጫወትበት ቦታ ይቀር እንደሆነም አብሮ ይታሰብ። ሱቅ ሲገባ ደግሞ ሻጩ ካዘጋጀው የአበባና የፏፏቴ ቪዲዮ ይልቅ ቤት የሚታየውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የሚያውቀውን ሰው ፊት። ስክሪኑ ያንን ፊት እንዴት እንዳሳየው አይቶ ይፍረድ። ብዙ ጥቁር ሰማያዊ ሳይሆን፣ የእህት ፊት የእህት ፊት የሚመስልበት ቴሌቪዥን ጥሩ ቴሌቪዥን ነው።

ይሁንና ዕቃው ተመርጦ ካለቀ በኋላም ምርጫው አያልቅም። ከአገር ርቆ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሪሞት ሳይዝም በየቀኑ ሦስቱን ቁልፎች ይነካል። አንዱ ይለጥጣል፤ ልጆቹ በሚሰሙት ታሪክ ውስጥ የአገር ቤት ጎረቤት ሁሉ ደግ፣ ምግቡ ሁሉ ጣፋጭ፣ አያት ሁሉ ቅድስት ናት። ያደጉበትን ትልቅ ሕይወት ለመሙላት ትንሹን ሰፈር ይስበዋል። ሌላው ይቆርጣል፤ ረሃቡን፣ እስሩን፣ የቤተሰቡን ጠብ፣ ሳይሰናበት የተለየውን ሰው ከላይና ከታች ጥሎ የሚገጥመውን ብቻ ያሳያል። ሁለቱም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። መለጠጡ ልጆቹ እንዳያፍሩ ነው፤ መቁረጡ እንዳያዝኑ። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ልጆቹ ያልነበረ ሰው ይወርሳሉ። «ይህን ያህል ነው የማውቀው፤ የቀረው ጥቁር ነው» ብሎ መተው ከሁለቱም ይከብዳል። የሚከብደውም ጥቁሩ ዳር ሁልጊዜ ጥያቄ ስለሚጠራ ነው።

ያ ቤት ያን ማታ ሦስቱንም ሞከረ። ልጅቷ ከጠየቀች በኋላ አባትየው ሪሞቱን ተቀብሎ መጀመሪያ አጎላው። አሁን እናቱ ቀጭን ሆኑ፤ ነገር ግን ሻሻቸው ከላይ፣ እግራቸው ከታች ተቆረጠ፤ እስክስታው ግማሹ ጠፋ። እንደገና ተጫነው። ምስሉ ወደ መሐል ተሰበሰበ፤ ግራና ቀኙ ጠቆረ። ጎረቤትየው አፉን ከፈት አድርጎ ተወው።

ልጅቷ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። አያቷ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ቀላል ነበር። ሁለቱ ደቂቃ አልቆ ሰውየው እንደገና ከመጀመሪያው ሲያስጀምረው ዓይኗ ወደ ታች ጥግ ሄደ፤ ሲጎላ ተቆርጦ ወደነበረው ቦታ። እዚያ አንድ ወጣት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሴትየዋን ቀና ብሎ እያየ ያጨበጭባል።

«አባዬ፣ ይኼ ማነው?»

አባትየው ቪዲዮውን አቆመ።

«አጎትሽ ነው» አለ። እስከዚያ ቀን ስለ እሱ ነግሯት አያውቅም ነበር።